ለብረት ማቅለጫ ድስት እንሠራ ነበር

ቡሬ ላይ ለብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ዕቃ ይሠራ ነበር ብዬ ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ይስቁብኛል። ግቢውን ያውቁታል። አሁን ደጁ ላይ የበርና የመስኮት ፍርግርግ ተደርድሮ ይሸጥበታል። «እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ሰው ቢቆምበት ራሱ የማይታይ የብረት ድስት ሠርተን በከባድ መኪና ጭነን ልከናል» ስላቸው አንዱ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ለየትኛው ድግስ ነው?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ከየት ይወቀው? ያወቁትም አልነገሩትም።

ጡረታ ወጥቻለሁ። የጡረታው ወረቀት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሲያመላልሰኝ ከርሞ አልቋል፤ ስለሱ አላወራም። ስለ ደመወዙም አላወራም፤ የሚወራለት አልነበረም። የምጽፈው ስለ ሥራውና ሥራውን ስላበላሸው ነገር ነው። ጽሑፌ ያላማረው ይታገሰኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ እጄ በብየዳ ጠባሳ ከተሞላ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩትም መጽሐፍ አይደለም፤ ላሜራ ላይ በጠመኔ የተጻፈ «አይቆረጥም» የሚል ቃል ነው። ላሜራውን ልቆርጠው እሳቱን ለኩሼ ነበር። ያን ቀን ነው ፊደል ለካስ ይጠቅማል ያልኩት።

ስሜ አለኸኝ ነው። የተወለድኩት ከጅጋ ወጣ ብሎ ነው። መሬቱ ለእኔና ለወንድሞቼ አልበቃ ሲል ቡሬ ሄጄ ተሸካሚ ሆንኩ። ከተሸካሚነት አውጥቶ የቀጠረኝ ስማቸው የሚባል ወፍጮ ጠጋኝ ነው። በፊቱ አንቱ እያልኩት ኖሬያለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን አልለውም። ሥራ ወዳድ ነበር፣ አልክድም። ደፋርም ነበር። ያ ግቢ የቆመውም የወደቀውም በሱ ድፍረት ነው።

ወደ ብረት ማቅለጫ ዕቃ የገባነው በአጋጣሚ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ማቅለጫ ቁርጥራጭ ብረት ሊለቅም የመጣ መኪና ቡሬ ላይ ተሰበረ። መኪናውን ስንጠግንለት፣ አብሮ የመጣው ሰውዬ ግቢውን ሲዞር ቆይቶ እኛ ብረት አቅልጠን ያፈሰስነውን የወፍጮ ፑሊ አነሳና በጥፍሩ ቆረቆረው።

«ይህን ማን ነው ያፈሰሰው?»

«እኛ ነና!» አለ ስማቸው።

«ድስት ትሠራላችሁ?»

«ምን አቅቶን!»

ሰውዬው መኪናው ውስጥ ሲገባ ስማቸው ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ልየው፣ የምን ድስት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ሲቀልጥ ላዩ ላይ እንደ ወተት አረፋ የሚሰፍ ቆሻሻ አለ። አቅላጮቹ ያን የጋመ ቆሻሻ ገፍተው የሚያወርዱበት ወፍራም የብረት ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ድስት አልነው። ንጹሑ ብረት የሚቀዳበት ደግሞ ባልዲ ነው፤ እሱ ከላሜራ ተበይዶ ይሠራል። ድስቱ ግን አይበየድም፤ ሙቀቱ ብየዳውን ይተረትረዋል። አንድ ወጥ ሆኖ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት። ያን ጊዜ ከውጭ አገር በመርከብ ነበር የሚመጣው።

አሠሪያችን ስማቸው «ልየው» ብሎ የጠራቸው ሰው፣ እኔ አያ ልየው የምላቸው፣ የቋሪት ሰው ናቸው፤ ገበዝ ማርያም አካባቢ። ዘራቸው ቀጥቃጭ ነው። በእኛ አገር ቀጥቃጭ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ገበሬው ማረሻውን ከእጁ ይቀበለዋል፣ ማዕዱን ግን አይቀርበውም። በዓይኑ ሰው ይበላል ይለዋል። «ቡዳ» የሚለውን ቃል እኔም ተምሬው ነው ያደግሁት፤ ከፊደል በፊት የተማርኩት እሱን ነው። አያ ልየው ጋር የመደበኝ ስማቸው ነው፤ ሌሎቹ እንቢ ስላሉ። መጀመሪያ ሰሞን በአንገቴ ክታብ አስሬ እውል ነበር። አይተውታል። ምንም አላሉኝም።

የሳቸው ጠባይ ይህ ነው፤ ሰው ከሳቸው ሳይሸሽ እሳቸው ቀድመው ይርቁለታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ማንም ሳይነሳ ተነስተው ከከሰሉ ክምር ጀርባ ይሄዳሉ። ውሃ የሚጠጡበት የራሳቸው ጣሳ አለ። ሲያወሩ የሚያዩት የሰውን እጅ ነው እንጂ ፊት አይደለም። እኔ ዓይነ አፋርነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ፣ ሰው «አየኝ» ብሎ እንዳይታመም ነው።

ሥራው ላይ ግን ሌላ ሰው ናቸው። አሸዋው ከፈጠም ወንዝ ይመጣል። ቀይ አፈር ይገባበታል፣ ጭድ ይገባበታል፣ የፈረስ ፋንድያ ይገባበታል። ፋንድያ ሲባል አፍንጫውን የሚይዝ አለ፤ ነገር ግን ጭቃው በእሳት ሲደርቅ ጭዱና ፋንድያው ተቃጥለው ቀጫጭን መተንፈሻ ይተዋሉ። የቀለጠ ብረት ሲገባ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ነው። መተንፈሻ ያጣ ቅርጽ ብረቱን መልሶ ይተፋዋል። አያ ልየው ከቦካው ጭቃ አንድ ጭብጥ ይይዙና ይለቁታል። የጣታቸው ምልክት ከቀረ፣ ደግሞ መሀሉን ሰብረው ያዩታል። ስብራቱ ጠርዝ ካለው «ይሁን» ይላሉ። ከሌለው ባሬላውን ገልብጠው እንደ አዲስ ያስቦኩናል።

ድስቱ የሚፈስሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው። መሀል ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ምሰሶው ላይ በድስቱ ጎን ልክ የተቆረጠ ሳንቃ ይታሰራል። ሳንቃውን እያዞርን ጭቃውን እንለስናለን። ከዚያ ከሰል አንድደን ቀን ከሌት ማድረቅ ነው። መድረቁን ለማወቅ አያ ልየው ጥላ ሥር የዋለ ቀዝቃዛ ላሜራ አምጥተው የቅርጹ አፍ ላይ ያኖራሉ። ትንሽ ቆይተው ያነሱትና በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ካላበው፣ ውስጥ ገና ውሃ አለ። «እያለቀሰ ነው» ይላሉ፤ ከሰል እንጨምራለን።

የጸበሉም ነገር በሳቸው ዘንድ ሥርዓት ነበረው። ሠራተኛው ትልቅ ሥራ ያለ ጸበል አይጀምርም። እሳቸው ቄሱን የሚያስጠሩት ጭቃው በሚቦካበት ቀን ነው። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ሰዉን ይረጫሉ፣ የተረፈው ጸበል ጭቃው የሚቦካበት ውሃ ውስጥ ይገባል። «በረከቱ ከሥር ይግባ» ይላሉ። እሳት ከነደደ በኋላ ግን ከጉድጓዱ አጠገብ የመጠጥ ውሃ እንኳ አያስቀምጡም። ጸበሉ ሲረጭ ሰዉ ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው፤ ይጮሁ እንደሆነ። ያውቃሉ። ከሁሉ ፊት ቆመው ፊታቸውን ይሰጣሉ።

የመጀመሪያውን ድስት ይዘን ወደ ማቅለጫው የሄድነው እኔ፣ አያ ልየውና በያጁ ታደገ ነን። ታደገ የግቢው ጨዋታ አዋቂ ነበር። የማኅበራችን ሙሴም እሱ ነው። የግቢው ሠራተኞች በየወሩ በሚካኤል ቀን በየቤታችን በተራ የምንሰበሰብበት ማኅበር ነበረን፤ አንድ ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን እንጠጣለን። አለቃውን ሙሴ እንለዋለን። አያ ልየው ማኅበሩ ውስጥ የሉም። ይግቡ ያለም አልነበረም።

ማቅለጫው ውስጥ ድስታችን ቦታው ተቀመጠ። ቀዩ ቆሻሻ እንደ ማር እየተዝለገለገ ሲገባበት፣ ድስቱ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። የታደገ ፊት አመድ መሰለ። አያ ልየው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ «መሞቁ ነው» አሉ። ሞቀ፣ ዝም አለ፣ ያዘ። አቅላጮቹ አጨበጨቡ።

ምሳ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ቀረበ። እዚያ የአያ ልየውን ዘር የሚያውቅ የለም። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ሲያፈገፍጉ አንዱ አቅላጭ እጃቸውን ያዘ።

«አባቴ፣ ወዴት ነው? ድስቱን ሠርተው ሊጾሙ ነው?» ብሎ ጎትቶ አስቀመጣቸው፤ ትልቅ ጉርሻም አጎረሳቸው።

ጉርሻውን በጉንጫቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ። ማላመጥ የረሱ መሰለኝ። ታደገ ሆዴን አመመኝ ብሎ ብስኩት ገዝቶ ውጭ በላ።

ስንመለስ የጭነት መኪናው ጀርባ ላይ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «አየህ አለኸኝ? በላሁ። ማንም አልታመመም» አሉኝ።

«አየሁ አያ።»

«እኔ ሌላ የምሻው የለም። አብሬው ከምሠራው ሰው ጋር፣ ከዚያ ማኅበራችሁ ጽዋ አንድ ቀን ብጠጣ ይበቃኛል። ለታደገ አንተ ንገርልኝ። እኔ ብጠይቀው ደስ አይልም።»

ነገርኩት። በሚካኤል ቀን፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት ነው ያነሳሁት። ታደገ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔ በሰውየው ክፉ አላወራም። ባለሙያ ነው። ግን ሚስቶቻችን ምን ይላሉ? የሱ ተራ ሲደርስ ቤቱ ሄዶ የሚበላው ማነው?»

«በሳቸው እጅ ሥራ አይደለም እንዴ እንጀራ የምትበላው?»

«ብረቱን ነው እንጂ እጁን አልበላሁትም!» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ፊቴን አይቶ ግን ረገብ አለ። «እሺ፣ አትቆጣ። ይህ ትልቁ ድስት ይውጣ። ከወጣ እኔ ራሴ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ። ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ማኅበርተኛውም «ይሁን» አለ። ለአያ ልየው ስነግራቸው መዶሻቸውን አስቀመጡና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ አሁኑኑ ጽዋው የሚሰጣቸው ይመስል።

ትልቁ ድስት የተባለው ከፊተኞቹ እጥፍ የሚሆን ትእዛዝ ነው። ስማቸው ለዚህ ብሎ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ነጋዴዎች አክሲዮን ሰበሰበ፣ ሁለተኛ ምድጃ ተከለ፣ ኢንጂነር ሰናይትንም ቀጠረ። የደሴ ልጅ ናት። እሷ የብረቱን ክብደትና የጉድጓዱን ጥልቀት በስሌት ታወጣለች፤ አያ ልየው በጭብጣቸውና በክንዳቸው ያወጣሉ። ሁለቱ ሲገጥም ይስቃሉ፤ ካልገጠመ እንደገና ያያሉ። አንዳንዴ እሷ ትክክል ትሆናለች፣ አንዳንዴ እሳቸው። የንድፍ ወረቀት ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያን ወራት ሳስበው፣ በሥራ ዘመኔ ደስ እያለኝ ከቤቴ የወጣሁበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

ቅርጹ ደረቀ። ብረቱ ሊፈስስ ዋዜማ ላይ ስማቸው ወደ ጉድጓዱ መጣ። ያን ያህል ዘመን «አንተ ልየው» ሲላቸው የኖረ ሰውዬ፣ ያን ቀን፣ «አያ ልየው፣ ነገ እርስዎ ይረፉ» አላቸው።

«ማረፍ? አልደከመኝም እኮ።»

«እንግዶች ይመጣሉ። ባለአክሲዮኖቹ ከነሚስቶቻቸው ናቸው። ድንኳን ተጥሏል፣ ምግብም አለ... እንግዲህ ይገባዎታል።»

«ይገባኛል» አሉ። እኔ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ። ስማቸው ከሄደ በኋላ ለእኔና ለሰናይት፣ «ላሜራውን ነገም እንደገና አኑሩት» ብለውን ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ድስቱ ከወጣ ጽዋው አለ። ለዚያ ብለው ነው የዋጡት።

በማግሥቱ ላሜራውን አኖርን። ደረቅ ነው። ብረቱ ምድጃው ውስጥ ቀልጦ ተዘጋጀ። ድንኳኑ በሰው ሞላ። ስማቸው ጸበሉን በእንግዶቹ ፊት ለማድረግ ብሎ ከጭቃው ቀን ወደዚያ ቀን አዙሮት ነበር። የመጡት ቄስ ለሥራው እንግዳ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ጸለዩ፣ ሰዉን ረጩ፣ ሊሄዱ ሲሉ ስማቸው ክንዳቸውን ያዘ።

«አባ፣ ውስጡንም ይባርኩልን። ሆዱን!»

«በዚህ ቀዳዳ?»

«አዎን አባ። እስከ መጨረሻው ያድርጉት።»

ቄሱም ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ጸበል በመፍሰሻው አፍ አወረዱት። ውሃው ሲወርድ ሰማሁት። ከታች ደርሶ ጠሽ አለ።

ሰናይት ወደ ስማቸው ሮጠች። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። «ዛሬ አይፈስስም። ብረቱን አሸዋው ላይ እንድፋውና ቅርጹን እንደገና እናድርቅ» አለችው።

«ይህን ሁሉ ሰው ምን ልበለው? ጸበል አበላሸው ልበል?»

«ውሃ ገባ ብለህ ንገራቸው።»

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ጎጃም ነው» አላትና ጀርባውን ሰጣት።

እኔ ሹክ ማለት አልችልም። ጮህኩ። «ውሃ ገብቷል! እንዳታፈስሱ!»

ታደገ ማፍሰሻው ላይ ቆሟል። ሰው ሲበዛለት ጨዋታው ይብስበታል። «ምነዋ አለኸኝ! ጸበል ፈራህ እንዴ? ከልየው ጋር ስትውል ተጋባብህ?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከእኔ ነው የምትሸፍነው። በእኛ አገር ጸበል ፈራ የተባለ ሰው ከዚያ በኋላ ቢምል ማን ይሰማዋል? እኔን በአንድ ቀልድ ጨረሰኝ። ሰናይትም ሌላ አገር ሰው ናት። ሁለታችንም የቀረን ነገር እንግዶቹን ወደ ኋላ መግፋት ነበር። በክርን፣ በስድብ ገፋኋቸው። አንዱ ነጋዴ በጥፊ መታኝ። ቢሆንም ራቁ።

ታደገ ማፍሰሻውን አዘነበለው።

መጀመሪያ መልካም ገባ። ከዚያ መሬቱ ከሥራችን አጉረመረመና ጉድጓዱ ብረቱን ወደ ሰማይ ተፋው። ቀይ ዝናብ ነው የዘነበው። ድንኳኑ ተያያዘ። እኔ አንገቴ ላይ አረፈብኝ፤ ጠባሳው ዛሬም ኮሌታ አያስዘጋኝም። ታደገ ሁለት እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቃጠለ። የሞተ አልነበረም፤ ሰዉ ስለራቀ ነው። ድስቱን ሊያይ ማቅለጫው የላከው ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው እንደ ዳቦ ሆድ የተቦረቦረ የብረት ጉማጅ ነው።

ማታውን ቡሬ ሁሉ ያወራው አንድ ወሬ ነው፤ ልየው ከድግሱ ስለቀረ ተናዶ በዓይኑ በላው።

«ሰውዬው እኮ ቤታቸው ነበሩ!» እላለሁ።

«ታዲያ ዓይኑን ቤት ጥሎት ይወጣል?» ይሉኛል፤ ይስቃሉ።

ሰናይት ውሃ ነው ብላ ለባለአክሲዮኖቹ ተናገረች። ስማቸውን ሲጠይቁት፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። ውሃ ነው ካለ፣ ያስገባው እሱ ነው። ዓይን ነው ከተባለ ግን የሚያጣው አንድ ቀጥቃጭ ብቻ ነው። አስልቶ ዝም አለ። ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ ያን ዝምታ ያህል ያስጠላኝ ግን የለም።

ታደገ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቷል። አያ ልየው፣ «እንሂድ» አሉኝ።

«አያ፣ ይቅርብዎ።»

«አብሮኝ የሠራ ሰው ተቃጥሎ ልቅር?»

ብርቱካን ገዝተው ይዘው ሄድን። ክፍሉ ውስጥ እንደገባን የታደገ እህት ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳብ አድርጋ የወንድሟን ፊት ሸፈነችው። የሞተ ሰው እንደሚሸፈን ነው የሸፈነችው።

«ታደገ፣ እግዜር ይማርህ» አሉ አያ ልየው።

ነጠላው ከታደገ አፍ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ነቅቷል። ነጠላውን አንሺው ማለት ይችል ነበር፤ እጁ አልተቃጠለም። አያ ልየው ብርቱካኑን አልጋው ላይ ሳይሆን ከበሩ ሥር መሬት ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ደጁ ላይ፣ «ሥራው እንደሆነ ይደገማል፤ ነገ ጭቃ እናቦካለን» አልኳቸው።

«አንተ ሥራ። እኔ ሰው ፊቱን እየሸፈነልኝ አልሠራም» አሉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ቋሪት በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ። ቡሬ ዕቃቸውን እንኳ ሊወስዱ አልተመለሱም፤ እኔ ነኝ የላክሁላቸው።

የማኅበሩን ነገር ማንም አላነሳውም። እኔም ከማኅበሩ ወጣሁ። «ወጣሁ» ስላቸው «ምን ነካህ?» ያለኝ የለም።

ሰናይትና እኔ ከዚያ በኋላ ድስት አፍስሰናል። አንዱ ተሰነጠቀ። ቀጣዩ መልካም ወጣ፤ ግን ገዢ አልመጣም፤ ወሬው ቀድሞናል። ባልዲ ስንበይድ ቆየን። እሷ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ስትሄድ አለቀሰች፤ እኔ ማልቀስ አላውቅበትም፣ ስሰድብ ዋልኩ። ከዚያ ማቅለጫዎቹ ከውጭ ማስመጣት ቀለላቸው። ከዚያ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ስማቸው ድርሻውን ሸጦ ልጆቹ ጋ አዲስ አበባ ገባ። ምድጃዎቹ በኪሎ ተሸጡ፤ ማን እንደሚያቀልጣቸው እንጃ። እኔ የበር ማጠፊያ እየበየድኩ ጡረታዬ ደረሰ።

አምና ነው፤ የማኅበሩ የአሁን ልጆች ቤቴ መጡ። አብዛኛዎቹን አላውቃቸውም። ሙሴያቸው አስተማሪ ነው። ታሪኩን ከሰው ሰምተው አፍረዋል። «ጋሽ አለኸኝ፣ አያ ልየው በሕይወት ካሉ ይምጡልን። ማኅበርተኛ እናደርጋቸዋለን። እርስዎ ይንገሩልን» አሉኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ቁጣዬን ዋጥኩና ቋሪት ሄድኩ።

አያ ልየው አሉ። ጀርባቸው ጎብጧል። ወናፉን የልጃቸው ልጅ ሚስት ትነፋላቸዋለች፤ እሳቸው ማረሻ ያሾላሉ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። መልእክቱን ነገርኳቸው። ማረሻውን ወደ እሳቱ መልሰው ከተቱት።

«ታደገ ነው የላከህ?»

«ታደገ አርፏል፤ ቆየ። እግሩም ሳይድንለት ነው።»

«ነፍስ ይማር።» ከልባቸው ነው ያሉት። «ያ አጭሩ፣ ጭቃ የሚያመላልሰውስ?»

«አርፏል።»

«ስማቸውስ?»

«አዲስ አበባ ነው። ሰው አይለይም ይላሉ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ልጠጣ?»

«አዳዲስ ልጆች ናቸው አያ። መልካም ልጆች ናቸው።»

«መልካም ይሁኑ። አላውቃቸውም እኮ» አሉ። «ጠላ ጠምቶኝ መሰለህ? ከነዚያ ሰዎች ጋር ነበር የፈለግሁት። አብረን የሠራን ሰዎች ነን። ለልጆቹ አመሰግናለሁ በልልኝ፤ አልተቀየምኩም በላቸው።» ማረሻውን እሳቱ ውስጥ ገለበጡና፣ «አይ፣ አልተቀየምኩም አትበላቸው። አይመጣም ብቻ በላቸው» አሉኝ።

በሚካኤል ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። ግባ ቢሉኝም በሩ ላይ እንደቆምኩ ነው።

«አይመጡም» አልኩ።

«ምነው? አረጁ?» አለ ሙሴው።

«ዘገያችሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ማዘኑን አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ እኛ ጠርተናል» አለ። ሌላው፣ «እውነት ነው፣ ከእኛ ወርዷል» አለ። ከዚያ የሚቀጥለው ወር ተራ የማን እንደሆነ መነጋገር ጀመሩ።